የተሰመረበት ካፖርት

ልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ዝም ሲል ደስ ይላታል። ልብሱን የወደደ ሰው መስታወት ፊት አንዴ ዞር ብሎ ይሄዳል፤ አፉን የከፈተ ግን ወይ እጅጌው ረዝሞበታል ወይ ወገቡ ሰፍቶበታል። ያን ጊዜ በሳሙና ስባሪ ታሰምራለች። የተሰመረበት ይቆረጣል፤ በቃ። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው እንደዚህ ነው።

ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ካበቃች በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት የጎልማሶች የድርሰት ትምህርት ጀመረች። ከጎኗ ባለው መኪና የምትሰፋው ታናሽ እህቷ ይህን ስትሰማ ሳቋን ለቀቀችው፤ ሱሪ መጥቀም አንሶሽ ነው ደግሞ ወሬ ልትጠቅሚ የተነሳሽው አለቻት።

አንድ ቅዳሜ መምህሩ ስለምታውቁት አንድ ቦታ ጻፉ ብሎ አዘዘ። እሷም ስለ ሱቋ ጻፈች። ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩት ልብሶች ጥግ ላይ ተሰቅለዋል። ቀትር ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ አቧራው ወርቅ መስሎ ይንሳፈፋል። ያኔ የካውያው እንፋሎት ሲደርሰው ግራጫው ካፖርት፣ የሚያውቀው ሰው በመንገድ ያለፈ ይመስል፣ እጅጌውን ቀስ አድርጎ ያነሳል። የሙሽራ ቀሚሱ ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። ይህን ስትጽፍ ግማሿ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ግማሿ ከልብሶቹ ጋር ተሰቅሎ፤ እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ይሄድ ነበር።

ወረቀቱ ሲመለስላት ግን ካፖርቱ ላይ ተሰምሯል፤ ቀሚሱ ላይማ ሁለት ጊዜ። ከመስመሩ ሌላ አንዲት ቃል የለችም። ቅስሟ ስብር አለ። ሱቅ ገባችና መቀሷን አንስታ የተሰመረበትን ሁሉ እየለየች ቆረጠች፤ የጨርቅ ብጣሽ የሚጣልበት ከረጢት ውስጥ ወረወረችው። የተረፈውን በንጹሕ ወረቀት ገለበጠች፦ ሱቄ በርና መስኮት አላት፤ መኪና አለ፤ ልብስ ይሰፋል።

ይህን አስረክቤ እቀራለሁ፣ ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም አለች። እህቷ ይሄኔ አልሳቀችም፤ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንስታ አየቻት።

መምህሩ በዕድሜ የበኩር ልጇ እኩያ ነው። አዲሱን ወረቀት አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ጀርባውንም ገልብጦ አየ።

«እትዬ፣ ካፖርቱ የት ሄደ?»

«ቆረጥኩት።»

«ለምን?»

«አሰመሩበት እኮ።»

መምህሩ እስክሪፕቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሲያነብ የወደደው ቦታ ሲደርስ ሳያስበው እንደሚያሰምር፣ ይህም ከተማሪነቱ ጀምሮ የተጣባው ልማድ እንደሆነ ነገራት። አጠገቡ «ግሩም» ብሎ ለመጻፍ ጊዜ አጣሁ አለና ወዲያው ራሱን አረመ፤ ጊዜስ ነበረው፣ ግልጽ መስሎት ነው።

«ቀሚሱ ጋ ስደርስ እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር» አላት።

እሷም ሁለት ጊዜ የተሰመረበት በእሷ ቤት ምን እንደሚሆን ስትነግረው ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን ትሳቅ ታልቅስ ጨነቃት።

ከትምህርት ቤት እስከ ሱቅ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄደችው አታውቅም፤ መሬቱ እንደ ጥጥ ለስልሶባት ነበር። እንደገባች ከረጢቱን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። እህቷም ነገሩን ስትሰማ ሥራዋን ትታ አጠገቧ ተንበረከከች። ከሐርና ከሱፍ ብጣሽ መሃል የወረቀት ቁርጥራጮቹን እየለቀሙ በስፒል አያያዟቸው፤ ቀሚሱ የተጻፈበት ቁራጭ ነጭ ክር ተጠምጥሞበት ተገኘ። እህቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ጥጉን ለረጅም ጊዜ አየች።

«አንቺ፣ እውነትም እጅጌውን ያነሳል» አለች ቀስ ብላ።

ልብስ ሰፊዋ የሳሙና ስባሪዋን ገፋ አድርጋ እስክሪፕቶ አነሳች። በሩ ተከፈተ። ቀሚሱ ትንፋሹን ያዘ። እሷ ግን ቀና እንኳ ሳትል፣ የገባውን ደንበኛ ትንሽ አረፍ እንዲል ነገረችውና መጻፏን ቀጠለች።