የእህቴ ብሔርና የእኔ

ማንበብ የተማርኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ፣ ከዘበኞችና ከልብስ አጣቢዎች ጋር። አስተማሪዋ "አባባ፣ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ያንብቡ" አለችኝ። እቤታችን የሚነበብ ነገር አልነበረም። ደረት ኪሴ ውስጥ ግን መታወቂያ አለ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ጫማ የምሰፋበት በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ በወስፌዬ ጫፍ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካሁ አነበብኩት። ስሜ ልክ ነው። የአባቴም ልክ ነው። ዝቅ አልኩ። "ብሔር" ይላል፤ አጠገቡ "አማራ" ተብሎ ተጽፏል።

አልተናደድኩም፣ ገረመኝ እንጂ። ያንን ካርድ ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፣ በየፍተሻው አውጥቼዋለሁ። ያየው ፖሊስ ሁሉ ስለ እኔ፣ እኔ የማላውቀውን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

እናቴ የወሎ ሰው ናት፣ እስላም። አማራ ነኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ "ወሎ ነኝ" ነበር የምትለው። አባቴ ጉራጌ ነው። የተገናኙት እዚሁ አራዳ ነው፤ እኔና ታላቅ እህቴም የተወለድነው ከድልድዩ ከፍ ብላ ባለች ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ። አባቴ ከአገሩ ልጆች ጋር በቋንቋው ሲያወራ ፊቱ ይፈታ ነበር። እቤት ሲደርስ ግን ቋንቋውን ከጫማው ጋር በር ላይ ያወልቀዋል። እናቴ አትሰማውም፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ይስቅበታል። ለእኛም ወስፌውን እንጂ ቋንቋውን አላወረሰንም።

እሱ ብሔር ተጠይቆ አያውቅም። በንጉሡ ጊዜ የሚጠየቀው የማን ሰው እንደሆነ ነው፤ የአንድ ትልቅ ሰው ስም ከጠራ ያልፋል። ወታደሮቹ ሲመጡ መደብህ ምንድን ነው አሉት። ጫማ የሚሰፋ ሰው ምን መደብ አለው? "ጭቁን" ብለው ጻፉለት። ቤቱንም ከባለቤቱ ወርሰው የቀበሌ አደረጉትና ኪራዩን ለመንግሥት መክፈል ጀመርን። አባቴ ጭቁንነቱን ሳያነበው ሞተ።

በእኔ ጊዜ ጥያቄው ብሔር ሆነ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወፍራም መዝገብ የዘረጋ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

"ብሔር?"

"የአራዳ ልጅ ነኝ።"

"እሱ ሰፈር ነው። ብሔር ነው ያልኩህ።"

"አዲስ አበባ በለዋ።"

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "ስማ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ተሰልፏል። እቤት በምንድን ነው የምታወሩት?"

"በአማርኛ።"

የሆነ ነገር ጻፈ። አልጠየቅኩትም። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ጫነው፣ ሄድኩ። እህቴ በሌላ ቀን፣ ሌላ ጸሐፊ ጋ ነበር የሄደችው። ያኛው ደግሞ የጠየቃት የአባቷን አገር ነው።

እንግዲህ መታወቂያዬን ያነበብኩ ዕለት ዕቃዬን ሰብስቤ እቤት ገባሁና "እትዬ፣ መታወቂያሽን አምጪ" አልኳት። እሷም ፊደል አትለይም። አነበብኩላት፤ ጉራጌ። የእኔንም አነበብኩላት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አለች። "እማዬ ከድልድዩ ሥር ነው ያነሳችህ።"

"አንቺን ነው ያነሳችሽ።"

"ውጣ ከቤቴ። የሌላ ብሔር ሰው አላሳድርም።"

ከዚያ ወዲህ ቀልዳችን ሆነ። ሽሮ ስታወጣ እንኳን ከመካከል በጣቷ ታሰምርና "ድንበር እንዳታልፍ" ትለኛለች።

አንድ ቀን ግን ሳትስቅ "አስተካክለው እንጂ" አለችኝ። "እኔ ብሞት ይቺን ቤት በምን ትይዛታለህ?" እናታችን ስትሞት የኪራይ ውሉ የዞረው ወደ ታላቋ ነው፤ ቤቱ በእሷ ስም ነው። እኔ "ወረቀት ነው፣ ተይው" አልኳት። እውነቱን ልናገር፤ ስንፍና አልነበረም። ለማስተካከል አንዱን መምረጥ አለብኝ። ራሴ ከምመርጥ በጸሐፊ ግምት መኖር ቀለለኝ። ያውም ሰው መታወቂያው ላይ ባለ ቃል ከመኪና የሚወርድበት ጊዜ ነበር። ነገ የሚያስወርደው የትኛው ቃል እንደሆነ ማን ያውቃል?

እህቴ በረመዳን መጨረሻ ታማ ሞተች። ኮልፌ ቀበርናት። ዓመቷ ሳይሞላ ሰፈራችሁ ይፈርሳል ተባልን። የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ ያገኛል፤ ተከራዩ ከሞተ አብሮት የኖረ የቅርብ ዘመድ ይተካል። ያ ካልሆነ ሜዳ ላይ መቅረት ነው። የሰፈሩ ግማሽ ፈርሶ ጎረቤቱ ሲበተን የእኔ ተራ ደረሰ።

ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ "አባባ፣ ይቀመጡ" ብላ ወንበር ሳበችልኝ። የሁለታችንን ፋይል ጎን ለጎን ዘረጋች።

"እህቴ ናቸው ነው ያሉኝ? በአባት ብቻ?"

"በአባትም በእናትም።"

"ታዲያ እሳቸው ጉራጌ፣ እርስዎ አማራ?"

"ጸሐፊዎቹን ጠይቂያቸው።"

የአባታችን ስም አንድ መሆኑን አሳየኋት። በዚያ ስም ከተማው ሙሉ ነው፣ የአያት ስም ደግሞ የእሳቸው ላይ አልተሞላም አለች። "አይቆጡኝ አባባ። ሰው የማትዘመደውን ሴት እህቴ ነች እያለ ቤት ወስዷል። ፋይሉ ካልተስማማ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

በማግስቱ ምስክር ይዤ ተመለስኩ። የእድራችን ጸሐፊ የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው፣ ክርስቲያን፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ። "ይሄን ሰውዬ የተወለደ ዕለት አይቼዋለሁ" አሏት። "ያኔም አስቀያሚ ነበር። አዝላ ያሳደገችው እህቱ ናት።"

"እሺ አባቴ። ግን ሦስት ምስክር ነው የሚያስፈልገው፣ ከዚያው ሰፈር።"

"ከየትኛው ሰፈር? ልጄ፣ ሰፈሩን እኮ አፈረሳችሁት። ሰዎቹን ከየት ላምጣልሽ?"

ልጅቷ ወደ በሩ ገልመጥ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አንድ መንገድ አለ" አለችኝ። "ብሔርዎ ጉራጌ እንደሆነ፣ የፊተኛው በስህተት እንደተሞላ ጽፈው ያመልክቱ። ፋይሉ ይስማማል፣ ነገ ያልቃል።"

"እናቴስ?"

"እናትዎ ምን ሆኑ?"

"የወሎ ሰው ነበረች።"

"ቅጹ ለእናት ቦታ የለውም፣ አባባ።"

ሽማግሌውን አየኋቸው። "ጻፍ" አሉኝ። "እናትህ እንደሆነች አትቀየምህም።"

ልጅቷ ወረቀት አቀበለችኝና "ልጻፍልዎ?" አለች። እችላለሁ አልኩ። ፊደሎቼ ትልልቅ ናቸው፣ ከመስመር ይወጣሉ። ስሜን ጻፍኩ፣ ጉራጌ ብዬ ጻፍኩ፣ "በስህተት" የሚለው ላይ እጄ ቆመ። ስህተት የምትባለው እናቴ ናት። ጻፍኩት። በፊርማዬ ፈረምኩ። በአውራ ጣት ቢሆን ኖሮ ምን እንደተጻፈ አላውቅም ብዬ መማል እችል ነበር።

ቤቱን ሰጡኝ። ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ። ሰዉ ጫማው ሲቀደድ ይጥላል፣ የሚያሰፋ የለም። እዚያ ስመዘገብ የድሮው መታወቂያ አይሠራም፣ አዲሱን አውጣ አሉኝ። የአሥሩንም ጣቶቼን አሻራ ወሰዱ፣ ዓይኔን ፎቶ አነሱ። ስለ ብሔር የጠየቀኝ የለም፤ መቼስ ፋይሉ ላይ አለ ብዬ አለፍኩ። ካርዱ ሲደርሰኝ ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ። ብሔር የሚል የለም። ገለበጥኩት። ከኋላም የለም።

የድሮውን መልስ ሲሉኝ ጠፍቷል ብዬ ዋሸሁ። ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከእህቴ ካርድ ጋር በአንድ ላስቲክ ታስሮ። እናቴ በእኔ ላይ፣ አባቴ በእሷ ላይ ተጽፈዋል። የሁለቱም ካርድ ጊዜ አልፎበታል።