ባትሪውን አውጥቼው ነበር

በባሕር ዳር የውኃ ሥራ በተቀጠርሁበት የመጀመሪያ ቀን የክፍል ኃላፊው አንድ የእንጨት ሣጥን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ውስጡ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ነበር፤ አንድ ዘንግ፣ ከታቹ ሳህን የመሰለ ክብ፣ ከላዩ የባትሪ ማኅደርና ድምፅ ማጉያ። ሣጥኑ አረንጓዴ ነበር እያልሁ ለልጆቼ ስናገር ኖሬአለሁ፤ በቅርቡ ያገኘሁት ባልደረባዬ ግን ጨርሶ ቀለም አልነበረውም አለኝ። ኃላፊው ያሉኝን ግን የረሳሁት አይመስለኝም፦ «ኤሌክትሮኒክስ ተምረሃል አይደል? እንግዲህ መታመሙም መዳኑም በአንተ ነው።»

መንገድ በጠጠር በተደለደለ ቁጥር የውኃ መዝጊያ ቫልቮች የብረት ክዳኖች ከሥር ይቀበራሉ። ካርታው የሚያሳየው ቦታና ክዳኑ ያለበት ቦታ እምብዛም አይገናኙም። ቧንቧ ሲፈነዳ ውኃውን ለመዝጋት አስቀድሞ ክዳኑን ማግኘት ያሻል። መሣሪያው ለዚህ ነበር።

የጥገና ቡድኑ መሪ አቶ ሙላት በመሣሪያው አያምኑም ነበር። በስሜም ጠርተውኝ አያውቁም። «ምሩቁ፣ ጯኺህን ይዘህ ና!» ይሉኛል።

ከሐይቁ ዳር ስንመለስ ጭቃው ሳይደርቅ ሳህኑን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ በጥላ አደርቀዋለሁ እንጂ ፀሐይ ላይ አላሰጣውም። የገመዱን ማያያዣ በእጄ ብቻ አጠብቃለሁ፤ ፒንሳ አላስነካውም። ጠዋት ሳንቲም መሬት ላይ ጥዬ ድምፁን እፈትናለሁ። ሥራ ሲያበቃ ባትሪዎቹን አወጣለሁ። ይህን ሁሉ የሚያሳይ ካርድ አዘጋጅቼ ከሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፍሁ፤ ከእያንዳንዱ ተግባር ጎን የፊርማ ቦታ አለው።

አንድ ቀን ዘንጉ ላላ። ሥራ ቦታ ላይ ለአፍታ ዞር ስል አቶ ሙላት ከሳህኑ አጠገብ ሚስማር አሳልፈው አጠበቁት። ሚስማሩ በተነቃነቀ ቁጥር መሣሪያው እየጮኸ ሦስት ከንቱ ጉድጓድ አስቆፈረን። ነቅዬ ሳሳያቸው አላፈሩም።

«ብረት ፈልግ አልነው፤ አገኘ። ምን አጠፋ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ መሥሪያ ቤት ጠንቃቃው እኔ ብቻ እንደሆንሁ አምን ነበር።

ክረምቱ ሲገባ መሣሪያው ለሁለት ወር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ከሣጥኑ ሳይወጣ ቆየ። አንድ የነሐሴ ጠዋት ከሐይቁ አቅራቢያ ባለ ሰፈር ትልቁ ቧንቧ ፈነዳ። ውኃው የወይዘሮ ጥሩወርቅን የጭቃ ቤት መሠረት ይቦረቡር ነበር። ወይዘሮዋ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በፊት ለፊቱ ክፍል ልብስ እየሰፉ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው።

ማብሪያውን ተጫንሁ። ምንም ድምፅ የለም። የባትሪውን ማኅደር ስከፍት ባትሪዎቹ ውስጡ ፈስሰው መገናኛዎቹን ነጭና አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል።

«ምሩቁ፣ ዛሬስ ምነው ዝም አለ?» አሉ አቶ ሙላት።

«ባትሪውን አውጥቼው ነበር።»

«ታዲያ ይህ በእግሩ ሄዶ ገባ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በመካከላችን ገቡ። «ልጆቼ፣ ጥፋተኛውን በኋላ ትፈልጋላችሁ፤ አሁን ክዳኑን ፈልጉልኝ። ቤቴ ሊሄድ ነው።»

ሎሚና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ለመንኋቸው፤ ሮጠው አመጡልኝ። መገናኛዎቹን በሎሚ አሸሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ አደረቅሁ፣ አዲስ ባትሪ አስገባሁ። ያን ጊዜ ሁሉ አቶ ሙላት በግምት ይቆፍሩ ነበር። ሁለት ሠራተኞች የስፌት መኪናዋን ተሸክመው ወደ ውጭ አወጡ።

መሣሪያው በመጨረሻ የጮኸው ከወይዘሮዋ በር ሁለት እርምጃ ርቆ፣ አቶ ሙላት የቆፈሩትን አፈር በከመሩበት ቦታ ላይ ነው። አፈሩን ዝቀን፣ ክዳኑን ከፍተን፣ ቫልቩን ስንዘጋ የፊት ለፊቱ ክፍል ግድግዳ ወድቆ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆመው ፍርስራሹን አዩ።

«ጨረሳችሁ?» አሉ።

ቢሮ ተመልሼ ካርዱን አየሁ። በክረምቱ መግቢያ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በተሠራበት ቀን፣ ሳህኑን ስለመጥረጌ ፈርሜያለሁ፤ ገመዱንም ስለማየቴ ፈርሜያለሁ። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ከእኔ በቀር በማንም እጅ አልነበረም።

«አውጥተሃል ወይስ አላወጣህም?» አሉ ኃላፊው።

«እንዳወጣሁ አስታውሳለሁ።»

«የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።»

ቅዳሜ ከሰዓት የፈረሰውን ልሠራ ስሄድ አቶ ሙላት ሳልጠራቸው መጡ፤ ጭድና ጭቃ አቡክተን የወይዘሮዋን ግድግዳ አብረን መረግን። «ምሩቁ፣ ጭቃው ሳይደርቅ እጅህን ጥረግ» አሉኝ። በዚያም ቀን መሳቅ አልቻልሁም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያን የክረምት መግቢያ ደጋግሜ አስባለሁ። ባትሪዎቹ መዳፌ ላይ ሲቀዘቅዙኝ፣ ማኅደሩ ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ዛሬም ይታወሰኛል። የማስታውሰው የሌላ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቀን አውጥቻቸዋለሁና።

መሣሪያውን ለተረከባችሁ የምለው ይህን ነው። ባትሪውን አውጡ፤ እጃችሁ ከሣጥኑ ሳይነሣ ፈርሙ። ካርዱ ላይ ባዶ ቦታ ካያችሁ «አስታውሳለሁ» የሚለውን ሰው አትጠይቁ፤ የባትሪውን ማኅደር ክፈቱ።