መብራቱን ጥቂት አቆዩት

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? በወጣትነቴ ይህን ጥያቄ ይዤ ከመጻሕፍት ጋር ስሟገት ኖሬያለሁ። መልስ የሚመስል ነገር ያየሁት ግን ሸምግዬ፣ ሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ፣ አንዲት ሴት በያዘችው የእጅ ባትሪ ጫፍ ላይ ነው። መሬት ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ ከድስት ክዳን አይበልጥም።

ሴትየዋን «ፋኖስ» እንላታለን። ሥራዋ ዘግይቶ የገባውን ተመልካች መርታ ወንበሩ ላይ ማድረስ ነው። የሙያው ሕግ አንድ ነው፤ ብርሃኑ እግር ላይ እንጂ ፊት ላይ አይውልም። ስለዚህ ሰዉን ሁሉ የምታውቀው በጫማው ነበር።

«ያንን ሰውዬ አየኸው?» ትለኛለች፣ የዘወትር ተመልካች ነኝና በሩ ላይ አብረን ቆመን። «ጫማው ተወልውሏል። ዛሬ የመጣው ከሚስቱ ጋር አይደለም።»

በዚያ ሲኒማ ቤት ዝናብ በገባ ቁጥር አንድ የጥንት ፊልም ይታያል። ታሪኩ ተራ ነው። አባት ልጁን ያባርራል፤ ልጁ ፀጉሩ ሸብቶ ይመለሳል፤ ቤተሰቡ ራት ላይ ነው። አባትየው ባዶውን ወንበር በእግሩ ገፋ ያደርግለታል። አለቀ። ያቺ ወንበር ስትንቀሳቀስ ግን አዳራሹ በሙሉ አፍንጫውን ይስባል። የፊልም አጫዋቹ «መሐረብ ብሸጥ ይሻለኝ ነበር» ይላል ሁልጊዜ። ስንት ፊልም መጥቶ ሲረሳ ይቺ ለምን አታረጅም እያልኩ ብዙ አስቤአለሁ። ምናልባት በየቤታችን ሳይገፋ የቀረ አንድ ወንበር ስላለ ይሆናል።

የፋኖስ ቤትም እንደዚያው ነው። እናቷ ልታርፍ ስታጣጥር፣ ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነውና ከረጅም መንገድ ገብቶ በወዲያኛው ክፍል ተኝቶ ነበር። «ይተኛ፣ ደክሞታል፤ ሲነሳ እነግረዋለሁ» አለች አዝናለት። ሲነሳ እናት አልነበረችም። «የእናቴን የመጨረሻ ቃል በእንቅልፍ ለወጥሽብኝ» አላትና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጠም።

አንድ ክረምት፣ ያ ፊልም መታየት ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ሰው ዘግይቶ ገባ። ብርሃኑን እግሩ ላይ አሳረፈች። የግራ ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቷል፤ የአባቷ ጫማም እንደዚያ ነበር የሚያልቀው። ወደ ዳር ወንበር መራችው፤ ተከተላት። በሚቀጥለውም ዓመት መጣ፤ በሚቀጥለውም። ሁልጊዜ ዘግይቶ፣ ሁልጊዜ ባትሪዋን ጠብቆ።

«ላያውቅሽ ይችላል እኮ» አልኳት።

«ሾፌር ነው፤ ለመንገድ ዘግይቶ አያውቅም» አለችኝ። «ደግሞ ከተማው ውስጥ ሌላ ሲኒማ ቤት ጠፋ?»

በፊልሙ ወንበሯ የምትገፋበት ሰዓት ሲደርስ ባትሪዋን አጥፍታ አጠገቡ ትቆማለች። ሲያለቅስ ትሰማዋለች። አንዴ በጨለማው ውስጥ አንድ እጅ እየዳበሰ መጥቶ የካፖርቷን ጫፍ ያዘ። «እታ...» አለ ድምፁ። መብራቱ ቦግ አለ። ሰውየው እጁን አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ሰበሰበው፤ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

«እታለም ሊለኝ ነበር» አለችኝ። «በልጅነታችን እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ።»

በዚያ ብርሃን ላይ ብዙ አሰላስያለሁ። ጨለማ ውስጥ ሁላችንም የሆነች እናት ልጆች ብቻ ነን። መብራት ሲበራ ነው ስም፣ ቂም፣ ክብር የምንለብሰው፤ ደግሞም ከኮፍያው ቀድመን።

እሷ ግን አታሰላስልም፤ ሥራ ታውቃለች። በቀጥታ ወደ አጫዋቹ ወጣች።

«ይቺ ፊልም ስታልቅ መብራቱን ሳታበራ ጥቂት ብታቆየው ምን አለበት?»

«ጨለማ የሚለምን ፋኖስ ገና ዛሬ አየሁ» አላት። «የሲኒማ ቤቱን ባለቤት ጠይቂ። እኔ የያዝኩት ማብሪያውን ነው፤ ሥልጣኑን አይደለም።»

ባለቤቱ ደግሞ ትሁት ሰው ነው። «እትዬ፣ ቀጣዩ ተመልካች ዝናብ ላይ ተሰልፏል» አላት። «ሰው በጨለማ ቢሰናከልስ?»

«እኔ ቆሜ ማን ይሰናከላል?»

ሳቀና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። በዓመቱም ወንድሟ መጣ። እጁ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል፣ ሊበር እንዳሰበ ወፍ። ከጉልበቱ ሳይነሳ መብራቱ ቀደመው።

ጡረታ ልትወጣ ስትል፣ በዚያው የዝናብ ወራት፣ ባለቤቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ይህን ሁሉ ዘመን አገልግለሽን፣ ምን እናድርግልሽ?» አላት። እኔም ተጋብዤ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።

«ስጦታ ይቅርብኝ» አለች። «ዛሬ ይቺ ፊልም ስታልቅ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ መብራቱን ጥቂት አቆዩልኝ። ሰው ፊቱን እስኪጠርግ ያህል።»

ሁሉም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ቀልዷን ይወዱላታል። ሲመሽ ተረከዙ የተበላውን ጫማ መርታ ዳር ወንበር ላይ አደረሰችው፤ አጠገቡም ቆመች። አባትየው ወንበሩን ገፋ፤ መብራቱም እንደወትሮው ወዲያው በራ። በማግስቱ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልለው የጠረጴዛ መብራት ላኩላት።