አንዴ ብቻ ይደውሉልኝ

ሌባ ቤታችን የገባው እኛ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጠን ሳለ ነው። በዚያ ዘመን አሰላ ውስጥ ከስብሰባ መቅረት ጣጣ ስለነበረው ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ይወጣል፤ ይህን ደግሞ ሌባውም አሳምሮ ያውቃል። የባለቤቴን የልብስ ስፌት መኪና፣ ሁለት ጋቢና ልጠግነው የተቀበልኩትን የሰው ሬዲዮ ይዞ ሄደ። የሬዲዮው ባለቤት ሌባውን ትቶ እኔን መጠርጠር ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ እልህ ያዘኝ።

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝና እልሄን የተወጣሁት በሽቦ ነው። በሩ ሲከፈት የሚነካኩ ሁለት የነሐስ ቁርጥራጮች መቃኑ ላይ ሠራሁ። ሲነካኩ ከአልጋ ሥር ያስቀመጥኩት የመኪና ባትሪ ኮርኒስ ላይ የሰቀልኩትን ክላክስ ያስጮኸዋል። ክላክሱን የፈታሁት ጋራዥ ውስጥ ከተጣለ አሮጌ ላንድሮቨር ነው። ያስቸገረኝ ማብሪያ ማጥፊያው ነበር። ቤት ውስጥ ባደርገው አብርቼ ስወጣ በራሴው ላይ ይጮሃል፤ ውጭ ባደርገው ሌባው ያገኘዋል። ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ ዓይኔ ስንት ደጅ ጠንቼ ያስገባሁት ስልክ ላይ አረፈ።

ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ጥርሳም ጎማ ነቅዬ ከስልኩ ደወል ጋር አያያዝኩት። ስልኩ አንዴ በጮኸ ቁጥር ጎማው አንድ ጥርስ ይራመዳል። በአንዱ ጥርስ ክላክሱ ለመጮህ ይዘጋጃል፣ በሚቀጥለው ይተኛል። ቤቴን ቆልፌ እወጣለሁ፤ ከመጠገኛዬ አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት አንዴ አስደውላለሁ፤ በቃ፣ ቤቱ ይጠበቃል። ወደ ቤት ልመለስ ስል ደግሞ አንዴ አስደውልና አስተኛዋለሁ፤ ቤት ስሆን ጎማውን ከደወሉ አላቅቀዋለሁ። ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ።

ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «ክላክሱን ቀይረው፤ እማዬ አንድ ቀን ትሰማዋለች።»

ታናሽ ወንድሜን የወሰዱት በላንድሮቨር ነው። ጠዋት ደጃችን ላይ ቆመው ሁለቴ ክላክስ አደረጉ፤ ቁርሱን ሳይጨርስ ወጣ። እናቴን «ለጥቂት ጥያቄ ነው፤ ለምሳ እንመልሰዋለን» አሏት። ስንት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ደጅ ላይ መኪና ክላክስ ባደረገ ቁጥር እማዬ በእጇ ያለውን ታስቀምጥና ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ መኪናው እስኪያልፍ ማንም ቢያናግራት አትሰማም። ፍርሃት ነው እል ነበር።

ለባለቤቴ የመለስኩላት እንደ አዋቂ ነው። እማዬ እኛ ጋ ስትሆን ባትሪውን እነቅለዋለሁ፤ ሲሬ እህቴ ጋ ስትሆን ደግሞ ከየት ትሰማዋለች? ሌላ ክላክስ መፈለግ እኮ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ሰነፍኩ። የሠራሁት ነገር እንዳይነካብኝም ፈለግሁ።

ያልታሰበው ጣጣ የመጣው ከስልክ ማዞሪያዋ ሴትዮ በኩል ነው። ያኔ ስልክ የሚገናኘው በእሳቸው እጅ ነበር፤ በመስኮታቸው በኩል አስፋልቱ ስለሚታያቸው ማን የት እንደሄደ ያውቃሉ። ሰው የሌለበት ቤት መደወል ደግሞ ነውር ይመስላቸዋል።

«ቤቴን አንዴ ደውለው ይተዉልኝ፣ እትዬ» እላለሁ።

«ማን ሊያነሳ? ባለቤትህ አሁን በዚህ አለፈች፤ ለቅሶ ቤት እየሄደች መሰለኝ። እዚያ ላገናኝህ?»

«አይ፣ ቤት ነው የምፈልገው።»

«ቤት ማንም የለም እያልኩህ?»

አንድ ቀን ጭራሽ ከለቅሶ ቤቱ ጋር አገናኙኝ፤ ሳላስበው ለማላውቃቸው ሐዘንተኞች «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ዘጋሁ። እውነቱን ልነግራቸው አልቻልኩም። ስልክ ላይ የተናገርከውን ስንት ጆሮ እንደሚሰማው አይታወቅም፤ ባዶ ቤቴ በአንድ ደወል እንደሚከፈት ከተማው ሁሉ ይወቅልኝ? የምስጢር ምልክት ይለዋወጣል የሚል ቢመጣስ? ስለዚህ በየቀኑ «አመል ነው፣ ይደውሉልኝ» እያልኩ እለምናለሁ፤ እሳቸውም እያዘኑልኝ ይደውላሉ።

ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ዲክሲስ ገጠር ተላከች። በዚያው ሳምንት እኔ ለበዓል የሚፈለግ ድምፅ ማጉያ እንድጠግን ታዝዤ አቦምሳ ወረድኩ። ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ አስደውዬ፣ ቤቴን አስጠብቄ ነው አውቶብስ የተሳፈርኩት። እማዬ ሲሬ ነበረች፤ ቅዳሜ ራሴ ሄጄ ላመጣት ተቀጣጥረናል።

ሐሙስ ጠዋት ለድምፅ ማጉያው ዕቃ ለማስላክ አቦምሳ ስልክ ቤት ገብቼ አሰላን ጠየቅሁ። መስመሩ በናዝሬት ዞሮ ነው የሚመጣው። ከአንድ ሰዓት በላይ ላብ በላብ ሆኜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ የሴትዮዋ ድምፅ እየራቀ እየቀረበ መጣ።

«እንኳን ደወልክ፣ ልጄ። እህትህ ከሲሬ ደውላ ነበር። እናታችሁ ‹ቤቴ ናፈቀኝ› ብለው ዛሬ በአውቶብስ ተነሥተዋል፤ ስድስት ሰዓት ግድም ይደርሳሉ። ቤት ሰው የለም ብያት ነበር፤ ቁልፍ አላቸው አለችኝ።»

የግድግዳው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። እማዬ ብቻዋን በሩን ልትከፍት ነው፤ ያ የላንድሮቨር ክላክስ ከአናቷ በላይ ሊጮህ ነው፤ አብዮት ጥበቃዎቹም መሣሪያቸውን ይዘው ሊሮጡባት ነው።

«እትዬ፣ ቤቴን አንዴ ብቻ ይደውሉልኝ። አንዴ።»

«አያነሱም እኮ፣ ገና አልደረሱም። ከሰኞ ጀምሮ ስደውል ነው የሰነበትኩት።»

«ምን አሉ?»

«ሰው በጠየቀህ ቁጥር ምናልባት ተመልሰህ ይሆናል እያልኩ እሞክራለሁ። አንተም ሁልጊዜ ይደውሉልኝ ስለምትል፣ መቼም ለክፉ አይሰጥም ብዬ።»

«ስንት ጊዜ ደወሉ?»

«ማን ይቆጥራል፣ ልጄ?»

ያን ጊዜ ስልኩን ከግድግዳው ጋር ባጋጨው ደስ ባለኝ። ጎማው የትኛው ጥርስ ላይ እንደቆመ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። ሁለቴ፣ አራቴ እያለ ሙሉ ቁጥር ደውለው ከሆነ ክላክሱ ነቅቷል፣ አንድ ደወል ያስተኛዋል። ጎዶሎ ከሆነ ተኝቷል፣ አንድ ደወል ይቀሰቅሰዋል። ሴትዮዋ ምን አጠፉ? ደግ ሰው ናቸው፤ ሰኞ ዕለት እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። የተናደድኩት በእሳቸው ነበር፤ መናደድ የነበረብኝ ግን በራሴ ነው።

«መናኸሪያ ሰው ይላኩልኝ! እናቴን ቤት አያስገቧት፣ ጎረቤት ያሳርፏት!» ብዬ ጮህኩ። ስልክ ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አይሰማም፣ ልጄ። ምን አልክ? ልደውል ነው ያልከኝ?»

መስመሩ እየሞተ ነበር። ልተወው ወይስ ላስደውል? ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፤ አንድ ነገር ያደረግሁ እንዲመስለኝ ፈለግሁ።

«ይደውሉ» አልኩ። «አንዴ።»

አንዴ ሲደውሉ ሰማሁ። «አያነሱም፣ ደግሜ ልሞክርልህ?» አሉኝ። «የለም! የለም!» ስላቸው «እሺ፣ ተውኩት» አሉ፤ መስመሩም ተቋረጠ። እንደገና ለማግኘት ብሞክር፣ በናዝሬት በኩል ተበላሽቷል ተባልኩ።

እህል የጫነ መኪና ለምኜ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። መንገዱን ሁሉ «ሙሉ፣ ጎዶሎ፣ ሙሉ፣ ጎዶሎ» እያልኩ ስቆጥር ሾፌሩ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሰላ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ የጭላሎን ተራራ አቅልታው ነበር። ከአስፋልቱ ወርጄ እየሮጥኩ ወደ ሰፈር ገባሁ።

ከሩቅ ያየሁት የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ነው፤ ሁለቱም ክንፉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያንን በር በሁለቱም ክንፉ የምንከፍተው እንጨት የጫነ መኪና ሲገባ ብቻ ነው። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን እኔን ሲያዩ ከባንኮኒያቸው ወጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ደህና ናቸው፤ አትደንግጥ» አሉኝ። «የቤቱን በር ሲከፍቱ ያ ነገር ጮኸ። ጥበቃዎቹ ሮጠው መጡ፤ እኔም ሮጥኩ። እኛ ደንግጠው ይወጣሉ ስንል፣ ወላሂ፣ ወደ ውስጥ ነው የሮጡት። ወንድምህን በስሙ እየጠሩ ክፍሉን ሁሉ አዩ። ከዚያ ወጥተው ይህን በር በሁለቱም ክንፉ ከፈቱት። ‹መኪናው ይግባ፣ መልሰውታል› አሉን። ባትሪውን ፈልገን እስክንነቅለው እዚሁ ቆመው መንገዱን ያዩ ነበር።»

ክላክሱ ከጮኸ፣ ከእኔ ደወል በፊት ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ዝም ብል ኖሮ ዝም ይል ነበር። የቀሰቀስኩት ራሴ ነኝ፣ ከአቦምሳ ድረስ ደውዬ።

እማዬ በረንዳው ላይ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀምጣለች። ከሲሬ ያመጣችው ዘንቢል ሳይፈታ አጠገቧ አለ። እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ የእኔ ሥራ ነው። ለሌባ ብዬ ነው።»

«ነገሩኝ» አለች። እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች። ስታለቅስ አልነበረም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ገብቼ ሽቦውን ሁሉ በጣጠስኩ፤ ክላክሱን ከኮርኒሱ አውርጄ በጆንያ ጠቀለልኩት። ሲመሽ የግቢውን በር ልዘጋ ተነሣሁ።

«ተወው» አለችኝ እማዬ። «ለዛሬ እንኳ ይቆይ።»

ሌባ ሲያንገበግበኝ የከረምኩት ሰውዬ፣ ያን ቀን የግቢዬን በር በሁለቱም ክንፉ ከፍቼ አደርኩ።