ከግድግዳው ያልራቁት ጠበቃ

ወልቂጤ የገዛሁት ቤት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የእንሰትና የላም ሥዕል ነበረበት። ግድግዳውን አፍርሼ ወደ መንገዱ የሱቅ በር ላወጣ ስል ሠዓሊው ከሰሰኝ። በገዛ ግድግዳዬ መከሰሴ ግራ ገባኝ።

የሠዓሊው ጠበቃ ወይዘሮ ዘነበች ነበሩ። በቤትና በቦታ ክርክር ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ የማያውቃቸው የለም። የሥዕል ሕግም እንደሚያውቁ የተረዳሁት ዳኛው ነገሩን በዓይናቸው ሊያዩ ሳሎኔ ድረስ የመጡ ቀን ነው።

ወይዘሮ ዘነበች ከሁላችንም ቀድመው ገቡና ሰፊ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ።

“ክቡር ፍርድ ቤት፣ ግድግዳው የተከሳሽ ነው። ሥዕሉ ግን የደንበኛዬ የፈጠራ ሥራ ነው። ቅጠሉን ንፋስ ሲያወዛውዘው ይታያል። የላሟን ዓይን ይመልከቱልኝ፤ ከከብት ጋር ያደገ ሰው ካልሆነ እንዲህ አይሥልም።”

እኔ ለካ እስከዛሬ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው ምሳ የምበላው። እሳቸው ሲናገሩ ቅጠሉ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ወንበር ባቀርብላቸው “ግድ የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል” አሉ፤ ንቅንቅም አላሉ። ሥራቸውን ማክበራቸው ገረመኝ።

ዳኛው “ተከሳሽ ምን ይላሉ?” ሲሉኝ “በሩን በሌላ በኩል አወጣለሁ፣ ሥዕሉ ይቀመጥ” ብዬ አረፍኩት። ስምምነታችን ተጻፈ፤ ፈረምኩ።

ዳኛው ከወጡ በኋላ ወይዘሮ ዘነበች ከግድግዳው ፈቀቅ አሉ። ላሟ ሙሉ በሙሉ ታየችኝ።

አምስት እግር አላት።