ሚስማር የማይይዝ ሰኮና

ደካማ ሰኮና ብረት ሲመታበት ይጠነክራል ይላሉ። አይጠነክርም። ብረቱ እንደ ብረትነቱ ይቆያል፣ ሰኮናውም እንደ ድካሙ። ሚስማሩ ሲወልቅ ግን ባዶውን አይወልቅም፤ የያዘውን ይዞ ይሄዳል። ይህን የምለው የፈረስ አዋቂ ሆኜ አይደለም። በደርግ ጊዜ ጂንካ ሰፍሮ በነበረ አንድ ጦር ውስጥ የፈረስ ኃላፊ ስለነበርኩ ነው።

ክፍላችን «መቶ» ይባላል። ስሙ ነው እንጂ ሃያ ስድስት ሰው ነበርን። ፈረሱ ላይ የተመደብኩት መጽሐፍ ስለማነብ ነው። ሃምሳ አለቃ ተሰማ ዕቃዬን ሲፈትሽ ስለ ከብት አያያዝ የሚያወራ ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፍ አገኘ። ከመንገድ ዳር የገዛሁት ሌላ የሚነበብ ስላጣሁ ነበር። «ከፊደል ጋር የተግባባ ከፈረስ ጋር አይጣላም» አለና ልጓሙን እጄ ላይ አስቀመጠው። በሠራዊት ውስጥ ከዚህ ባነሰ ምክንያት የጦር አዛዥ የሆነ ሰው አውቃለሁ።

ፈረሱ ዳማ ነበር፤ ደረቱ ሰፊ፣ ጀርባው ጠንካራ። ከቁርጭምጭሚቱ በታች ግን ሌላ ፈረስ ነበር። የሰኮናው ግድግዳ ስስ ነው። ጫማ በተመታለት በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ብረቱ ይላላል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እናገኘዋለን። እንደገና ስንመታ የድሮው ቀዳዳ ስለማይዝ አዲስ ቀዳዳ እንከፍታለን። ሰኮናው ወንፊት ሆነ። እየፈራ እየመረጠ ስለሚረግጥ ወታደሩ «ሙሽራው» ብሎ ስም አወጣለት።

መፍትሔውን ያመጡት ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው። የአሪ ሰው፣ ገበሬ፣ ለእኛ መንገድ መሪ ሆነው የተመደቡ ሚሊሺያ ነበሩ። የማይጠጡ፣ የማያጨሱ፣ ሲሠሩ መዝሙር የሚያጉረመርሙ። አንድ ቀን የሙሽራውን እግር አንሥተው ሰኮናውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ይሄ እግር ውኃ ጠጥቷል፣ ልጄ» አሉኝ። «ጂንካ ጭቃ ውስጥ ይቆማል፣ ይላላል። ቆላ ሲወርድ ድንጋይ ነው፣ ይሰነጠቃል። ብረት ምኑን ይይዛል?»

«መጽሐፉ ግን ብረት ይላል፣ ጋሽ ጴጥሮስ።»

«መጽሐፉ ጂንካ መጥቶ ያውቃል?»

ብረቶቹን ነቀልን። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ዳር ጠጠር አመጣንና ደረቅ መቆሚያ ሠራንለት። የሰኮናውን ጠርዝ በየሳምንቱ በሞረድ አከበብኩ። ከታረደ በሬ አንገት ወፍራም ቆዳ ወሰድን፤ ጋሽ ጴጥሮስ አርጥበው እግሩ ላይ ሰፉት፣ በጠፍር አሰሩት፣ እዚያው ደርቆ ቅርጽ ያዘ። አራት የቆዳ ጫማ። ሁለት ጊዜ ቆላ ወደ ወይጦ ወንዝ ወርዶ ውኃ ተሸክሞ ተመለሰ። ቀስ ብሎ፣ ግን ተመለሰ። በሁለት ወር አዲስ ሰኮና የጣት ስፋት ያህል ከላይ ወረደ። ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

ከዚያ የዘመቻ ትእዛዝ መጣ። ከወይጦ ማዶ ያለ ኮረብታ እንድንይዝ ነበር። ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች መንገዱን ሊዘጉ ነው ተባለ። ማን እንደሆኑ በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት ተነገረን። በዋዜማው ከበላይ አንድ ሻለቃ ሊጎበኘን መጣ። ተሰለፍን። ሻለቃው ሙሽራው ፊት ሲደርስ ቆመ።

«የአብዮታዊ ሠራዊት ፈረስ ካልሲ ያደርጋል?»

ሳቅ የተፈቀደ መሰለንና ሳቅን። እሱ አልሳቀም። እስከ ማታ ድረስ ፈረሱ ብረት እንዲመታለት አዘዘ።

ሻለቃው ሲርቅ ሃምሳ አለቃ ተሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሰውዬው ነገ ጠዋት ይሄዳል። ዛሬ ለዓይኑ ያህል ምታለት፣ ነገ ንቀልለት።»

ጋሽ ጴጥሮስ መዶሻውን ሳቀርብላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። «እኔ አልመታም» ብቻ አሉ።

እኔ መታሁ። ለዓይን ያህል አልመታሁም፤ በደንብ መታሁ። መጽሐፉ እንደሚለው፣ ሚስማሩን ወደ ላይ አውጥቼ አጥፌ። ያ የወረደው የጣት ስፋት ሰኮና ይበቃል ብዬ አሰብኩ። በማግሥቱ ሻለቃው ሄደ። ብረቱ ጥብቅ ብሎ ነበር። ሙሽራው ድንጋይ ላይ ሲረግጥ ቃ፣ ቃ ይላል። ድምፁ ደስ አለኝ። እንደ እውነተኛ የጦር ፈረስ ይሰማል። የቆዳ ጫማዎቹ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ነበር።

«ቆዳዎቹስ?» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

«ብረቱ ይዟል እኮ።»

ተውናቸውና ወረድን።

ኮረብታው ቁጥቋጦና ስለታም ድንጋይ ነው። ሦስት ቀን ቆፈርን። በአራተኛው ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተኩስ ተከፈተብን። ከኮረብታው ሥር ካለ ደረቅ ወንዝ በኩል መጡ። መትረየሳችን ሁለት ጊዜ ጥይት ነክሶ ቆመ። የመቶ መሪው የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ወደቀ። ሃምሳ አለቃ ተሰማ ቦታውን ያዘ። አንድ ሰዓት ላይ ተኩሱ ቆመ። ማን እንዳሸነፈ አላውቅም። እነሱ ሄዱ፣ እኛ ቀረን። አራት ሞቱ። ሁለት ቆሰሉ።

የቆሰሉት በላቸውና ማርቆስ ናቸው። በላቸው ጭኑ ላይ ተመትቷል፤ ምግብ አብሳያችንና ቀልደኛችን እሱ ነበር። ማርቆስ ዳሌው ላይ፤ ከጋሞ የመጣ ዝምተኛ ሸማኔ። መኪና እስከ ወይጦ መንገድ እንደሚመጣ በራዲዮ ተነገረን። ከዚያ በላይ አይወጣም። የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ሃምሳ አለቃ ምሽጉን ዞሮ የቀረነውን ቆጠረ። ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ከሰጠ ኮረብታው አይያዝም።

«ከጋሽ ጴጥሮስ ጋር ሁለታችሁ ሂዱ። ፈረሱ ይችላቸዋል» አለኝ።

ይችላቸው ነበር። ጀርባው ይችል ነበር። ማርቆስን ከፊት፣ በላቸውን ከኋላ አድርገን በገመድ አሰርናቸው። ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን።

«ሙሽራው፣ ዛሬ እንኳ አትሽኮርመም» አለው በላቸው። «ሁለት ሚዜ ተሸክመሃል።»

ማርቆስ «አታስቀኝ፣ ያመኛል» አለ።

አራት ሰዓት ሲሆን የፊት ግራ ብረት ወለቀ። ብቻውን አልወለቀም። የሰኮናውን ግድግዳ፣ አዲሱንም አሮጌውንም፣ ከነሚስማሩ ይዞ ወረደ። ሙሽራው በሦስት እግር ጥቂት ከሄደ በኋላ ቀኙም እንደዚያው ሆነ። ደም መጣ። ቆመ። ጎተትኩት። መታሁት። ዓይኑ ተከፍቶ እኔን እያየ ቆመ።

ጋሽ ጴጥሮስ የሸራ ቦርሳቸውን ቀደው ሁለቱን እግር ጠቀለሉ። መቶ እርምጃ ያህል ሄደ። ሸራው ተበላ። ቁስለኞቹን አወረድን። ጋሽ ጴጥሮስ ስለ ቆዳዎቹ አላነሡም። ቢያነሡ ይሻለኝ ነበር። «የጸማይ ሰዎች መንደር አለ። ሰው አመጣለሁ» ብለው መሮጥ ጀመሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ይሆናል።

ብቻዬን ቀረሁ። ማርቆስን አዝዬ ሁለት መቶ እርምጃ ሄድኩና ከግራር ሥር አስተኛሁት። ተመልሼ በላቸውን አዘልኩ። እንደገና ማርቆስን። እርምጃ እቆጥር ነበር። ሌላ ምንም አላሰብኩም። አራተኛው ዙር ላይ ማርቆስን ሳነሣው ክብደቱ ተለወጠ። ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር።

«ምን ሆነ?» አለ በላቸው።

«ተኝቷል።»

«አንተ እኮ ውሸት አታውቅበትም» አለና ውኃ ጠየቀኝ። ውኃ ነበረን። ጭኑን ያሰርኩበት ጨርቅ ግን ደሙን አላቆመም። ስለ ወጥ አወራኝ፤ ሽንኩርት ሳይጠቁር ሥጋ መጨመር ወንጀል ነው አለ። ከዚያ በረደኝ አለ፤ ፀሐዩ አናታችን ላይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማውራት አቆመ።

ጋሽ ጴጥሮስ አሥር ሰዓት ላይ ከስድስት የጸማይ ወንዶች ጋር ደረሱ። ከእንጨትና ከቁርበት የተሠራ ቃሬዛ ይዘው ነበር። አንደኛው ሰውዬ ሬሳዎቹን አየና በቋንቋው አንድ ነገር አለ። ጋሽ ጴጥሮስ አልተረጎሙልኝም። ሁለቱን እስከ መንገዱ ተሸከሙልን። መኪናው እዚያ ቆሞ ነበር፤ በሰዓቱ ነበር የመጣው። ሙሽራውን ትተነው ሄድን። መተኮስ ነበረብኝ። ትዝ ያለኝ መኪናው ላይ ሆኜ ነው።

ሪፖርቱ የተጻፈው ጂንካ ነው። ፈረሱ በጠላት ጥይት ተገደለ፣ ስድስት ጓዶች በጀግንነት ተዋግተው ወደቁ ይላል። እኔ ራሴ ነኝ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የገለበጥኩት። ሃምሳ አለቃ «እንዲህ ይሻላል፣ ለቤተሰብም» አለኝ። መሻሉን እንጃ። በላቸውም ማርቆስም እንዲህ ይሻላቸው እንደሆነ አልተጠየቁም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጦርነት ብዙ አንብቤአለሁ። በአብዛኛው ሰዎች ለምን እንደተዋጉ ያስረዳል። የፈረስ ሰኮና ውስጥ ስንት ሚስማር እንደነበረ የሚጽፍ አላገኘሁም። አዝኜ ነበር ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ አላውቅም። በማግሥቱ ሩዝ በላሁ። የሌላ ፈረስ ኃላፊ ሆኜ አልተመደብኩም፤ ማንም ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

የእነሱን ስም ከአንድ ዝርዝር ላይ የምታነብ ሰው፣ አንድ ነገር አድርግልኝ። ስድስት ብለህ አትቁጠር። አራት በል። ሁለቱን ለብቻቸው ጻፍና በእኔ ላይ ቁጠራቸው።