የመጀመሪያው እሳታችን

ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፤ ከባሕር ዛፍ በቀር ለይቼ የማውቀው ዛፍ አልነበረም። ሥራ ስፈልግ ቆይቼ፣ እንጦጦ ላይ ደን የሚጠብቅና ሰደድ እሳት የሚያጠፋ የወጣቶች ቡድን ውስጥ ገባሁ። እናቴ ስነግራት፣ "አንተ? ክብሪት ሲጫር የምትደነግጠው?" ብላ እስኪያስላት ሳቀች።

ሥልጠናውን በጨረስን ሰሞን ከጫካው መሃል ጭስ አየን። አካፋ አካፋችንን ይዘን ዳገቱን በሩጫ ወጣነው። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩና፣ በቃ፣ እንደ ጀግና አፈሩን እሳቱ ላይ ደፋሁበት። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ጭራሮ ታቅፈው ከዛፎቹ ጀርባ ብቅ አሉ።

"ምን እያደረግክ ነው አንተ?"

"እሳት እያጠፋሁ ነው፣ አባባ።"

"ድንቼን እኮ ነው የቀበርከው!"

ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። አለቃችን ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ጫካ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል መሆኑን በትሕትና አስረዳቻቸው።

"እሺ ልጄ፣ አይለምደኝም" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ደግሞ የቀበርከውን አውጣ።"

ተንበርክኬ ቆፈርኩ። ድንቹ በትኩሱ አፈር ውስጥ ጥሩ አድርጎ በስሏል። ሽማግሌው አንዱን ገምሰው ቀመሱና ሌላውን ለእኔ አቀበሉኝ። አፈር አፈር ይላል፤ ግን ርቦኝ ስለነበር ከነልጣጩ ጨረስኩት።